ቢግዶይን ዋልኩበት፤ የጣና ደንገልም አገኘሁበት

ኦስሎ ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ሙዚየሞችና የባሕር ዳርቻዎች ላሉበት ልሳነ ምድር፣ ለቢግዶይ ስጡት። ከመሀል ከተማ 30 ቁጥር አውቶቡስ ያደርሳችኋል። በሞቃቱ ወራት ግን ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ወደብ በጀልባ መሄድ ይሻላል፣ ምክንያቱም ቦታውን ከባሕሩ በኩል ስታዩት ነው ደስ የሚለው።

እኔን ይዞ ያስቀረኝ የኮንቲኪ ሙዚየም ነው። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ኖርዌያዊው ጀብደኛ ቶር ሄየርዳል በ1947 (እ.ኤ.አ.) ከአምስት ሰዎች ጋር ከፔሩ ተነስቶ በ101 ቀን ፖሊኔዥያ የደረሰበትን፣ ኮንቲኪ የተባለውን የባልሳ (ቀላል እንጨት) ግንድ ታንኳ ለማየት ነው። እሱም ግሩም ነው። ግን እባካችሁ ራ ሁለት የምትባለውን ሌላዋን ታንኳውን ሳታዩ እንዳትወጡ! የተሠራችው ከኢትዮጵያ በሄደ ደንገል ነው። የመጀመሪያዋ ራ፣ በ1969 ከጣና ደንገል የተሠራችው፣ አትላንቲክን ሳትጨርስ ተበታተነች። ሰውዬው ተስፋ አልቆረጠም፣ በዓመቱ ራ ሁለትን አሠርቶ ከሞሮኮ ባርቤዶስ በ57 ቀን ገባ። አጠገቧ ቆሜ ብዙ ቆየሁ። ገመዱ ደንገሉን ዙሪያውን ተጠምጥሞ ጥፍንግ አድርጎ ይዞታል። ጣና ላይ ታንኳ ሲቀዘፍ ላየ ሰው ይሄ ሆድ ያባባል።

ፍራም የምትባለው የዋልታ አሰሳ መርከብ ያለችበት ፍራም ሙዚየም እዚያው አጠገቡ ነው። መርከቧ ውስጥ ገብታችሁ ጓዳ ጓዳዋን ማየት ትችላላችሁ። ሆዷ ክብ ተደርጎ የተሠራው በረዶው ሲጨምቃት ከመሰባበር ይልቅ ወደ ላይ ሽቅብ እንድትወጣ ነው፣ ኖርዌያዊው አሳሽ ናንሰንም ከ1893 እስከ 1896 በሰሜን ዋልታ በረዶ ውስጥ እንድትንሳፈፍ የለቀቃት ይህን አምኖ ነው። ሌላው ኖርዌያዊ አሳሽ አሙንድሰንም በኋላ ወደ ደቡብ ዋልታ የተጓዘው በእሷ ነው። ልጆች ካሏችሁ ከዚህ ጀምሩ።

የቫይኪንግ መርከቦቹ ሙዚየም ለማስፋፊያ በ2022 ስለተዘጋ ከመሄዳችሁ በፊት መከፈቱን አጣሩ። እዚያው ቢግዶይ ባለው የኖርዌይ ባህል ሙዚየም ሜዳ ላይ ከየገጠሩ ተነቅለው የመጡ 160 ያህል ቤቶች አሉ። ጊዜ ካጠራችሁ በ1200 አካባቢ የተሠራችውን፣ ጎል ከሚባል ቦታ የመጣችውን የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ብቻ እዩ፣ ጥቁር እንጨቷና ተደራራቢ ጣሪያዋ ይበቃችኋል።

የከፋኝ ምሳ ነው። አንድ ካፌ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ምግብ አልቋል አሉኝ። ዋጋውም አይቀመስም። ስለዚህ ምሳችሁን ቋጥራችሁ ሂዱ፣ ከሙዚየሞቹ ወጥታችሁ በዛፎቹ መሀል እየተንሸራሸራችሁ ሁክ ወደሚባለው የመዋኛ ዳርቻ ዝለቁና ባሕሩ ዳር ድንጋዩ ላይ ተቀምጣችሁ ብሉ። መግቢያ አይከፈልም። የሁክ አንዱ ወገን ራቁታቸውን ለሚዋኙ የተለየ ነው፣ ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ ምልክቱን አይታችሁ ወደ ሌላኛው እለፉ። ፀጥታ የሚፈልግ ደግሞ ትንሽ ራቅ ብሎ ፓራዲስቡክታ ወደሚባለው ዳርቻ ይሂድ። አሸዋውም ዛፉም እዚያ አለ።