ደብተር፣ ኤክሴል ወይስ የስልክ አፕ? ደመወዝና ትርፍ ሥራ ላለው ቤት የሚሆን የሒሳብ መያዣ

ቀን ቢሮ ውሎ ማታና ቅዳሜ ኬክ የሚጋግር፣ በቴሌግራም ልብስ የሚሸጥ ወይም ተማሪ የሚያስጠና ሰው ሒሳቡን መያዝ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የቱ አፕ ይሻላል?" ብሎ ነው። ከአፑ የሚቀድም ነገር ግን አለ። የትርፍ ሥራው ብር ከአስቤዛው ብር ጋር በአንድ ሒሳብ ውስጥ እስከተቀላቀለ ድረስ የትኛውም መመዝገቢያ ትርፉን ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ ለትርፍ ሥራው ብቻ የሚሆን ሒሳብ መክፈት ለሁሉም ሰው ግዴታ ነው። ምርጫ የሚኖረው ከዚያ በኋላ፣ በወረቀት መዝገብ፣ በኤክሴል ወይም በጉግል ሺትስ እና በስልክ አፕ መካከል ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን መለየት

ቀላሉ መንገድ ደመወዝ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ ለቤት ትቶ የደንበኞችን ክፍያ በሙሉ በቴሌብር ወይም በሌላ ባንክ በተከፈተ ሒሳብ መቀበል ነው። ስማርት ስልክ የሌለው ሰውም *127# ደውሎ ቴሌብሩን ማየት ይችላል። ሕጉ አንድ ነው፦ ከሥራው ሒሳብ ዳቦ አይገዛም፣ ታክሲ አይከፈልም። ቤቱ ከሥራው ገንዘብ ከፈለገ በሳምንት አንዴ፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ማታ፣ በአንድ ዝውውር ወደ ቤት ሒሳብ ይወሰዳል፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይም "ለቤት" ተብሎ ይጻፋል።

"የባንክ ስቴትመንት ካለኝ ሌላ መዝገብ ለምን?" የሚል ሰው አለ። ስቴትመንት ብሩ መግባቱንና መውጣቱን ያረጋግጣል፣ ለምን እንደገባና እንደወጣ ግን አይናገርም። ለምሳሌ 2,500 ብር የሚሸጥ ኬክ ማክሰኞ 1,000 ብር ቀብድ ተከፍሎበት ቅዳሜ ቀሪው 1,500 ቢከፈል ስቴትመንቱ ላይ ሁለት ገቢ ሆኖ ይታያል፤ ትዕዛዙ ግን አንድ ነው። ከሱፐርማርኬት በአንድ ደረሰኝ የተገዛው የኬክ ቅቤና የቤት ሳሙናም ተደምሮ አንድ ቁጥር ነው። በጥሬ ብር የተከፈለው ደግሞ ጭራሽ የለም። ስቴትመንቱን በሳምንት አንዴ መዝገቡን ለማስተያየት ይጠቀሙበት። በዚያውም በየዝውውሩ የሚቆረጠውን የአገልግሎት ክፍያና የተጨማሪ እሴት ታክሱን እንደ አንድ የሥራ ወጪ ይጻፉት። ሳንቲም ይመስላል፤ ሳይጻፍ ሲቀር ግን ቀሪው ሁልጊዜ አልገጥም የሚለው በእሱ ምክንያት ነው።

የአንድን ትዕዛዝ ትርፍ የሚያሳየው የቱ ነው?

ሦስቱን የሚለያቸው ትልቁ ነገር ይህ ስለሆነ በደንብ እንየው። የዚያ የ2,500 ብር ኬክ ወጪ እንዲህ ነው እንበል፦ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ቅቤና ክሬም 1,280፤ ካርቶንና መያዣ 150፤ ማድረሻ 250፤ መብራት ወይም ጋዝ 60። ድምሩ 1,740 ነው፣ የሚተርፈው 760 ብር። አምስት ሰዓት ከፈጀ በሰዓት 152 ብር ማለት ነው። ከቤተሰብ ጋር ሊያሳልፉት የሚችሉትን ቅዳሜ ለዚህ ሥራ መስጠት ያዋጣ እንደሆነ የሚወስኑት በዚህ የመጨረሻ ቁጥር ነው።

ኤክሴልና ሺትስ እዚህ ላይ ተወዳዳሪ የላቸውም። እያንዳንዱ ረድፍ ላይ "የትዕዛዝ ቁጥር" የሚል አምድ ካለ ሰምኢፍስ (SUMIFS) የሚባለው ፎርሙላ የአንዱን ትዕዛዝ ገቢና ወጪ ለይቶ ይደምራል። ደብተርም ያሳያል፤ ለአንድ ትዕዛዝ ግማሽ ገጽ መስጠትና ከላይ ቀብዱን፣ ከታች ወጪውን መጻፍ ይበቃል። በሳምንት ከሦስት አራት ትዕዛዝ በላይ ሲመጣ ግን እጅ ይደክማል። አፖቹ እዚህ ላይ ደካማ ናቸው። "የኬክ ዕቃ" በሚል ምድብ በወሩ ስንት እንደወጣ በጥሩ ስዕል ያሳያሉ፣ የትኛው ኬክ እንዳከሰረ ግን አይነግሩም። ማስታወሻ መጻፊያው ላይ የትዕዛዝ ቁጥር እየጻፉ በኋላ በፍለጋ ማውጣት ይቻላል፤ ድምሩን ግን ራስዎ መሥራት ሊኖርብዎት ይችላል።

በጅምላ የሚገዛ ዕቃ ያለው ሰው ሌላ ችግር አለበት። 25 ኪሎ ዱቄት በ2,500 ብር ገዝተው 3 ኪሎው ለቤት ዳቦ ቢውል 300 ብር "ለቤት የተወሰደ" ተብሎ ከሥራው ወጪ መቀነስ አለበት። ይህ ካልተደረገ ሥራው ያከሰረ፣ ቤቱ ደግሞ የቆጠበ ይመስላል።

የእኛ ወር እና የእነሱ ወር

የመንግሥት ደመወዝ፣ የቤት ኪራይና የእድር መዋጮ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚሄዱት። የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ደመወዝ የሚከፍለው ድርጅት በፈረንጅ ወር የሚሄድ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣልና ከመምረጥዎ በፊት ደመወዝዎና ትልልቅ ወጪዎችዎ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚወድቁ ይወስኑ።

ለደብተር ይህ ጥያቄ አይደለም። 13 ገጽ ከፍሎ የመጨረሻዋን ለጳጉሜ መስጠት ነው። የጳጉሜ ገጽ ዋጋ አለው፦ ለወር ደመወዝተኛ ደመወዝ የለም፣ ወጪው ግን አይቆምም፤ የእንቁጣጣሽና የትምህርት ቤት ምዝገባም ደጅ ላይ ናቸው።

አፖቹ የሚሠሩት በአብዛኛው በፈረንጅ ወር ነው። መኒ ማናጀርን የመሳሰሉት "ወሩ የሚጀምርበት ቀን" የሚል ማስተካከያ አላቸውና 9 ላይ ያድርጉት። የእኛ ወር መጀመሪያ ከኦገስት 7 (ነሐሴ 1) እስከ ሴፕቴምበር 11 (መስከረም 1) እና ኦክቶበር 11 (ጥቅምት 1) ባለው መካከል ስለሚዋዥቅ 9 ላይ ሲያቆሙት ስህተቱ ከሁለት ቀን አይበልጥም፤ ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች በኋላ ባሉት ወራት ብቻ አንድ ቀን ይጨመርበታል። የነሐሴ ድምር የጳጉሜን ሦስት ቀን ስለሚውጥ በየዓመቱ ወፍሮ ይታያል። ከልክ በላይ አወጣሁ ብለው አይደንግጡ።

ኤክሴል ላይ ግን እውነተኛ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው ሺቱን የሚተወውም በዚህ ነው። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ ቅደም ተከተል፣ ማለትም ወርን አስቀድሞ እንዲያነብ የተስተካከለ ከሆነ 5/3/2018 ብለው የጻፉትን ኅዳር 5 እንደ ሜይ 3 ያነበዋል። 15/3/2018ን ግን 15ኛ ወር ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ቀንን አስቀድሞ እንዲያነብ ቢያስተካክሉትም ጥቅምት 30 ሲጽፉ፣ 30/2 ማለት ነው፣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌላት እንደገና ጽሑፍ ይሆናል። ውጤቱ በአንድ አምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ነው፤ በወር ሲደምሩት ይጎድላል፣ ምልክት ግን አይሰጥም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዓመት፣ ወርና ቀን በሦስት የተለያዩ አምዶች በተራ ቁጥር ይጻፉ፤ ጳጉሜም 13 ተብላ ትገባለች። የወሩን ድምር በወር አምዱ፣ የበጀት ዓመቱን ድምር ደግሞ ከ11 ጀምሮ እስከሚቀጥለው 10 ባሉት ወሮች ይሥሩ። ጉግል ሺትስም ጠባዩ ተመሳሳይ ነው።

እቁብ

እቁብን እንደ ወጪ መመዝገብ ከሁሉም የተለመደው ስህተት ነው። ለምሳሌ 20 ሰው በየሳምንቱ 2,000 ብር የሚጥልበት እቁብ 40,000 ብር ያወጣል። በአምስተኛው ሳምንት ከደረሰዎት እስከዚያ የጣሉት 10,000 ነው። ስለዚህ ከተቀበሉት ውስጥ 30,000ው ዕዳ ነው፣ በቀሩት 15 ሳምንታት ይከፈላል። ይህን ገንዘብ "ገቢ" ብሎ የጻፈ ሰው በዚያ ወር ሀብታም፣ ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ድሃ ይመስላል።

አፖች በዚህ ያስደስታሉ። "እቁብ" የሚል ሒሳብ እንደ አንድ ባንክ ከፍተው የሚጥሉትን በወጪ ሳይሆን በ"ዝውውር" ያስገቡ። እቁቡ ሲደርስም ከእቁብ ሒሳብ ወደ ኪስ 40,000 ያዛውሩ። ሒሳቡ ከ10,000 ወደ ከዜሮ በታች 30,000 ይወርዳል፣ በ20ኛው ሳምንት ራሱ ዜሮ ይሆናል። ደብተር ላይ ከኋላ አንድ ገጽ መስጠትና ቀሪውን በየሳምንቱ ማስተካከል ይበቃል። ኤክሴል ላይ የተለየ ገጽ ካልከፈቱለት ይረብሻል። እድር ግን ተመላሽ አይደለምና በሦስቱም ላይ ወጪ ነው።

ማን ይጽፋል፣ መቼ?

በምሳ ሰዓት ታክሲ ላይ ቆሞ 10 ሰከንድ ያለው ሰው ኤክሴል አይከፍትም። አፕ እዚህ ላይ ያሸንፋል፤ ሁለት ሦስት ንክኪ ነው። ነገር ግን ነፃው አፕ ብዙ ጊዜ የሚኖረው በአንድ ሰው ስልክ ላይ ነው። ባል ያወጣውን ሚስት፣ ሚስት ያወጣችውን ባል ካልጻፈው ሒሳቡ የግማሽ ቤት ነው። የሚከፈልበትን ስሪት ለመግዛት ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል።

ለሁለት ሰው ጉግል ሺትስ የተሻለ ነው። በነፃ ይጋራል፣ ነፃው የጉግል 15 ጊጋባይት ቦታም ለቁጥር መዝገብ ከበቂ በላይ ነው። በስልክ ላይ መጻፍ ካስቸገረ ጉግል ፎርም ሠርተው ከሺቱ ጋር ያገናኙት፦ መጠን፣ ምድብ፣ ከየትኛው ሒሳብ የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ይኑሩት። ኢንተርኔት ሲጠፋ ፎርሙ አይከፍትም። ሺቱ ግን አስቀድመው "ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ" ካደረጉት ይሠራል።

ደብተር ማዕድ ቤት መደርደሪያ ላይ ከነእስክሪብቶው ሲቀመጥ አስቤዛ የምትገዛዋ የቤት ሠራተኛም፣ አያትም ይጽፉበታል። ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ይግዙ፤ ገጾቹ የሚገነጠሉትን አይምረጡ። ከፊት ለቤት፣ ገልብጠው ከኋላ ለሥራ ይጠቀሙበት። አምዶቹ ቀን፣ ምክንያት፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ ናቸው። ድክመቱ ድምር ነው፦ ስህተት ሲፈጠር እስከ ገጹ መጨረሻ ይከተላል። ስለዚህ በየገጹ ግርጌ የገቢንና የወጪን አምድ ለየብቻ ደምረው ከቀሪው ጋር ያስተያዩ። በምድብ ከፍሎ መደመርም በወር ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከካልኩሌተር ጋር ያስቀምጣል። ወር ሲያልቅ ገጾቹን በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ቡና ሊፈስበት ይችላል።

ስልክ ሲጠፋና መልእክት የሚያነቡ አፖች

ብዙዎቹ ነፃ አፖች መዝገቡን የሚያስቀምጡት እዚያው ስልኩ ላይ ነው። ስልኩ ሲሰረቅ የአንድ ዓመት ሒሳብ አብሮ ይሄዳል። ከመምረጥዎ በፊት ሁለት ነገር ይፈትሹ፦ ወደ ጉግል ድራይቭ መጠባበቂያ ያስቀምጣል? ወደ ኤክሴል ፋይል ያወጣል? ሁለተኛው ከሌለ አይውሰዱት፤ ሌላ ቀን መቀየር ሲፈልጉ ሁሉንም በእጅ ይገለብጣሉ።

የባንክ መልእክት እያነበቡ ራሳቸው የሚመዘግቡ አፖች ያጓጓሉ። አይፎን ላይ ሌላ አፕ መልእክት እንዲያነብ ስለማይፈቀድ ይህ የአንድሮይድ ነገር ነው። ለውጭ ባንኮች የተሠሩት የእኛን መልእክት አጻጻፍ ላይረዱትና ከራስ ወደ ራስ የተዛወረን ብር ወጪ ብለው ሊቆጥሩት ይችላሉ። ከሁሉ የሚከፋው ግን የባንክ ማረጋገጫ ኮድም በዚያው በመልእክት መምጣቱ ነው። በቴሌግራም ለተላከ ወይም ከማይታወቅ ቦታ ለወረደ አፕ የመልእክት ፈቃድ ፈጽሞ አይስጡ።

ለማን የቱ?

ትርፍ ሥራው ማስጠናት ወይም ትርጉም ከሆነ፣ ማለትም ገቢው ጥቂትና ወጪው ትንሽ ከሆነ፣ አፕ ይበቃል። ዕቃ ገዝቶ ሠርቶ ወይም ገዝቶ የሚሸጥ ሰው ኤክሴል ወይም ሺትስ ያስፈልገዋል፣ ለቤቱ ደግሞ ደብተር። ይህ ጥምረት ብዙ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ቤት የሚጽፈው ሰው ብዙ፣ ሥራውን የሚጽፈው አንድ ስለሆነ። ኮምፒውተር የማያዘወትር ሰው ለሥራውም በደብተር ቢጀምር ምንም አይጎድልበትም።

የትኛውንም ሲጀምሩ በወሩ 1ኛ ቀን በኪስ፣ በባንክና በቴሌብር ያለውን ቆጥረው የመጀመሪያውን ቀሪ ይጻፉ። ሰው ለእርስዎ ያለበትንና እርስዎ ያለብዎትን ዱቤም አብረው ይጻፉ። ሥራ በዝቶ ወይም ልጅ ታሞ አምስት ቀን ሳይጻፍ ካለፈ አምስቱን ቀን ለማስታወስ ማታ አይቀመጡ። ያለዎትን ብር ይቁጠሩ፣ መዝገቡ ከሚለው የጎደለውን "ያልታወቀ" ብለው በአንድ መስመር ይጻፉና ከዚያ ቀን ይቀጥሉ።