የባቡር ሥራ ማመልከቻ በጅማ ኮፒ ቤቶች፦ የቱን እናሠራ፣ የቱን ራሳችን እንሥራ?

ጅማ ባቡር አይገባም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የታሰበው መስመር ከዕቅድ አላለፈም። ስለዚህ የባቡር ሥራ የሚፈልግ የጅማ ልጅ ከቀጣሪው ጋር መጀመሪያ የሚተዋወቀው በወረቀት ነው፤ ወረቀቱን የሚያሰናዱለት ደግሞ በመርካቶና በዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ያሉት ጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች ናቸው።

ስካን ላይ ገንዘባቸው ይገባቸዋል። ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ለቴክኒክና ሙያ ምሩቃን ሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ)፣ የሥራ ልምድ፤ ሁሉም በ300 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ) ተነሥቶ በቅደም ተከተል አንድ ፒዲኤፍ ሲሆን ማኅተሙ ይነበባል። በስልክ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም መላክ ግን ጥራቱን ይገድለዋል፤ ግዴታ ከሆነ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ። ዋጋው በገጽ ይሁን በጥቅል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጣጣው ፎርም መሙላት ላይ ነው። ብዙዎቹ የቆየ ማመልከቻ ከኮምፒውተራቸው ከፍተው ስም ብቻ ይቀይራሉ፤ ደብዳቤው ለሌላ መሥሪያ ቤት እንደተጻፈ ይሄዳል። ባቡር የሚባለው ሁሉ አንድ ቤት አይደለም። ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን ባቡር የሚያንቀሳቅሰው ኢትዮጵያ 75፣ ጅቡቲ 25 በመቶ ድርሻ የያዙበት የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡር አክሲዮን ማኅበር ነው። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ሌላ ነው፤ የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም ሌላ። ማስታወቂያውን ያወጣው የትኛው እንደሆነ ሳታዩ አትፈርሙ።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠር። ፎርሙ በፈረንጆች ሲጠይቅ በእኛው ይሞሉታል፦ ሐምሌ 2014 የተመረቀ ሰው ጁላይ 2022 መባል ሲገባው 2014 ይጻፍለትና በልጅነቱ የተመረቀ ይመስላል። የስም አጻጻፍ ደግሞ የእኛ አካባቢ ልዩ ራስ ምታት ነው። ጫላ የሚለው ስም በቁቤ (በኦሮምኛ የላቲን ፊደል) በተጻፈ መታወቂያ ላይ በ«ሲ» ይጀምራል፤ ዲግሪው ላይ ግን በ«ሲኤች»። ፎርሙ ላይ የዲግሪውን አጻጻፍ ተከተሉ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤም ከቀበሌ አውጥታችሁ ያዙ። ከግል ድርጅት የተሰጠ የሥራ ልምድ ከሆነ የሥራ ግብር መከፈሉን መግለጹን እዩ፤ ማስታወቂያዎች ይህን በግልጽ ይጠይቃሉ፣ ኮፒ ቤቱ ግን አያነበውም።

ከሁሉ የከፋው የራሳቸውን ኢሜይልና ስልክ ማስገባታቸው ነው። የፈተና ጥሪው ለእነሱ ይደርሳል፣ እናንተ ቤት ተቀምጣችሁ ትጠብቃላችሁ። ኢሜይሉ የእናንተ፣ የይለፍ ቃሉም እናንተ ብቻ የምታውቁት ይሁን።

የሥራ መደብ ምርጫ ፈጽሞ ለእነሱ አይተውም። የጅቡቲው መስመር በ25 ኪሎቮልት ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ከ750 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነው። ሰው የሚያስፈልገው ለመንዳት ብቻ ሳይሆን ለሲግናል፣ ለሐዲድ ጥገናና ከላይ ለተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦም ነው። ለኤሌክትሪክ ምሩቅ «ባቡር ነጂ» ብሎ ከመሙላት መጀመሪያ ዓይን ማስመርመር ይቀድማል፤ ቀይና አረንጓዴ መለየት የማይችል ሰው ሲግናል ላይ አይታመንም። የኢሺሃራ ምርመራ የቁጥር ካርዶች ማንበብ ነው፣ ደቂቃዎች ይበቁታል፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው። ምድቡም አዋሽ፣ ሚኤሶ ወይም ድሬዳዋ ሊሆን ይችላል። የጅማን ዝናብ የለመደ ሰው የዚያን ሙቀት ከመፈረሙ በፊት ያስብበት።

በዩቲዩብ የሚታየው 35 ኪሎ ተሸክሞ 100 ሜትር በ2 ደቂቃ፣ ከዚያም 1000 ሜትር በ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ መሮጥ የሕንድ ምድር ባቡር ለዝቅተኛ መደብ ወንድ አመልካቾቹ የሚሰጠው ፈተና ነው። ለዚህኛው ሥራ ብላችሁ ጆንያ አትሸከሙ።

ፈተናው አዲስ አበባ ከሆነ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና በዋዜማው ግቡ፤ ዋናውን ማስረጃ ከማይመለስ ኮፒ ጋር ያዙ። በር ላይ «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ደላላ ገንዘብ ከጠየቀ ጥላችሁት እለፉ። ከኮፒ ቤቱ ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ዴስክቶፑ ላይ የቀረውን የዲግሪያችሁን ስካን አስጠፉ፤ ከሪሳይክል ቢኑም ጭምር።