ዱባይ ስትሄዱ ዶላሩን በካሽ ወይስ በካርድ?

ከጅማ ዱባይ ለዕቃ የምትመላለሱ ልጆች ሂርማታ ገበያ ባገኘኋችሁ ቁጥር ይሄንኑ ስለምትጠይቁኝ ልጻፈው፣ ካሽ ይሻላል ወይስ ባንክ የሚሰጠው፣ ቀድማችሁ ዶላር የምትሞሉበት ፕሪፔይድ ቪዛ ካርድ?

ካሽ ሒሳቡ ቀላል ነው፣ የዱባዩ ገንዘብ ዲርሃም ከ1997 እ.ኤ.አ ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.6725 ዲርሃም ተብሎ ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ ምንዛሪ ቤቱ ስንት እንደቀነሰባችሁ እዛው ታውቃላችሁ። ግን ከጠፋ ጠፋ ነው፣ የድሮው መቶ ዶላር ከሆነ ደሞ አንቀበልም የሚሉ አሉ።

ካርድ ላይ ዋናው ነገር ማሽኑ ነው። ስትከፍሉ "በዶላር ወይስ በዲርሃም" ብሎ ይጠይቃል፣ እኔ መጀመሪያ ጊዜ የሞላሁት ዶላር ነው ብዬ ዶላር የሚለውን ነካሁት፣ ደረሰኙን ሳየው በ3.48 ነው የመነዘረው! የ1,000 ዲርሃም ጫማ 287 ዶላር ሆነ፣ በትክክለኛው 272 ነበር፣ 15 ዶላር በአንድ ንክኪ ሄደ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ ሁሌም ዲርሃም በሉ፣ ሻጩ ራሱ ሊነካላችሁ ቢል እንኳን እሺ እንዳትሉት። ኤቲኤም ላይም እንደዛው፣ እዛ ደሞ በየማውጣቱ ስለሚቆርጥ አንዴ በዛ አድርጋችሁ አውጡ። ሆቴል ለዲፖዚት ካርዱ ላይ የሚይዘው ገንዘብ ቶሎ ላይለቀቅ ስለሚችል እሱን በካሽ ብታስይዙ ይሻላል።

ካርዱን ከመሙላታችሁ በፊት ባንካችሁን በዲርሃም ስከፍል ስንት ፐርሰንት ትቆርጣላችሁ በሏቸው፣ በጽሁፍ ይስጧችሁ። እኔ አሁን አብዛኛውን ካርድ ላይ አድርጌ ለታክሲና ለምግብ ብቻ ካሽ እይዛለሁ፣ ካርድ ቢጠፋ ደውሎ ማዘጋት ይቻላላ።