የሰዓቱ አምራች አፕ ወይስ ጋጄትብሪጅ?

ፒክስል ስልኬ ላይ ግራፊንኦኤስን (ግላዊነትን የሚያስቀድም፣ በአንድሮይድ ላይ የተመሠረተ የስልክ ሲስተም) ከጫንኩ በኋላ ያስቸገረኝ ስማርት ሰዓቱ ነው። ሰዓቱን ከስልኩ ጋር ለማገናኘት መንገዱ ሁለት ነው።

አንደኛው የሰዓቱ አምራች አፕ ነው። ግራፊንኦኤስ ጉግል ፕሌይን ያለ ልዩ ሥልጣን፣ እንደ ማንኛውም አፕ አጥር ውስጥ ስለሚያስኬደው አብዛኛው ነገር ይሠራል። ካርታውም ግራፉም ያምራል። ግን አካውንት ክፈቱ ይላል፤ የልብ ምታችሁና እንቅልፋችሁ ወደ አምራቹ ሰርቨር ይሄዳል። አንድ እሑድ ማለዳ ከጣና ዳር ተነስቼ እስከ ዓባይ ድልድይ በእግሬ ሄድኩ። ዳታ አልነበረም። ቤት ገብቼ አፑን ስከፍት ያቺ ክብ ምልክት ብቻ ትዞራለች። የገዛ እርምጃዬን ማየት አልቻልኩም!

ሁለተኛው ጋጄትብሪጅ ነው፤ የአምራቹን አፕ ተክቶ ሰዓቱን ከስልኩ ጋር የሚያገናኝ አፕ። ኤፍድሮይድ ከሚባለው የክፍት ኮድ አፖች ማከማቻ በነፃ ይወርዳል፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ የኢንተርኔት ፈቃድም አይጠይቅም። መረጃው እዚያው ስልኩ ውስጥ ይቀራል። ኔትወርክ ኖረም አልኖረም እርምጃዬን አያለሁ፤ እማዬ ስትደውል ሰዓቱ እጄ ላይ ይነዝራል። ፓይንታይምና ባንግል ጄኤስ የሚባሉት ሰዓቶች በቀላሉ ይገናኛሉ። ፓይንታይም ግን ጂፒኤስ የለውም። አንዳንድ የአማዝፊት ሰዓቶች ደግሞ የማገናኛ ቁልፍ ይፈልጋሉ፤ ቁልፉን ለማግኘት አንዴ በአምራቹ አፕ መግባት ግድ ነው። ይሄ ያናድዳል።

እኔ የልቤን ምት ለማንም መስጠት ስለማልፈልግ ጋጄትብሪጅን ይዣለሁ። የአምራቹን አፕ የግድ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ቢያንስ ኮንታክት ስኮፕስ በሚባለው የግራፊንኦኤስ ማስተካከያ የስልክ ማውጫችሁን ደብቁት።