የስፖርት ፈረስ መሸጫ ድረ ገጾች ግምገማ፦ ገንዘቡ የቱ ላይ ይውጣ?

በአሜሪካ በእንግሊዝ ኮርቻ የሚጋለብ ፈረስ የሚሸጥ ሰው ሦስት አማራጭ አለው፦ ማንኛውንም ፈረስ የሚያስተናግዱ እንደ ድሪምሆርስ ያሉ ድረ ገጾች፣ እንደ ዋርምብለድ ሴልስ ለስፖርት ፈረስ ብቻ የተከፈቱ፣ እና ደላላ። ፌስቡክን አልቆጠርነውም። የእንስሳት ሽያጭ በደንቡ ክልክል ስለሆነ ጠዋት የለጠፉት ማታ ላይጠብቅዎ ይችላል።

ፈረሱ የውድድር ውጤት ካለው ገንዘብዎን ለስፖርት ፈረስ በተከፈተው ላይ ያውጡ። ውጤት የሌለው፣ ለሽርሽርም ለመለማመጃም የሚሆን ረጋ ያለ ሰንጋ ፈረስ ከሆነ ግን ሰፊው ገበያ ይሻለዋል። ምክንያቱ የፍለጋው ቅጽ ነው። «ትሬኒንግ» የምትለዋን ቃል እንያት። በድሬሳዥ፣ ማለትም ፈረሱ የጋላቢውን ትእዛዝ ተከትሎ በሚያሳየው እንቅስቃሴ በሚዳኝበት ውድድር፣ ትሬኒንግ ሌቭል ገና ጀማሪ ደረጃ ነው፣ ዝላይም የለበትም። ድሬሳዥን፣ አገር አቋራጭ ግልቢያንና ዝላይን በሚያጣምረው በኢቨንቲንግ ግን እስከ 1 ሜትር የሚደርስ መሰናክል መዝለል ማለት ነው። ገዢ በዘርፍና በደረጃ በሚፈልግበት ቦታ ይህ አያምታታም፤ በሰፊው ገበያ ግን ዘርፉን ካልጻፉ የማይሆን ገዢ ነው የሚደውልልዎ። ቁመትም እንደዚያው ነው፦ 16.2 ማለት 16 ሃንድ ከ2 ኢንች፣ ወደ 168 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ሃንድ 4 ኢንች ስለሆነ 15.5 የሚባል ቁመት የለም። እንዲህ ብሎ የጻፈ ሻጭ ፈረሱን ለክቶ እንደማያውቅ ገዢው ወዲያው ይገባዋል።

የትኛውንም ድረ ገጽ ይምረጡ፣ የጎን ፎቶው ካልተስተካከለ ክፍያው ከሰረ። ፈረሱ ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ ይቁም፣ ጅራቱ ይበጠር፣ ጋማው ወደ ቀኝ ይተኛ፣ ኮርቻ አይጫንበት። ከግራ ጎኑ ሲነሳ አራቱም እግሮች መታየት አለባቸው፦ ወደ ካሜራው ያለው የኋላ እግር ትንሽ ወደ ኋላ፣ የፊቱ ቀጥ ብሎ፣ የማዶው የፊት እግር ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ። ካሜራው በፈረሱ ትከሻ ከፍታ ላይ ይሁን። ቀርቦ በስልክ ማንሳት ጭንቅላቱን አግዝፎ ዳሌውን ያኮስሰዋል፤ ራቅ ብሎ በዙም ማንሳት ነው።

በእኛ አገር ገዢ ጥርስ ገልጦ ያያል፤ እዚያ መጀመሪያ የሚከፈተው ቪዲዮ ነው። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃል፤ ስልኩ አግድም ይያዝ፣ ሙዚቃ አይግባበት። እርምጃ፣ ሶምሶማና ደንገላሳ በግራም በቀኝም ይታዩ። ለድሬሳዥ ገዢ ሙሉ ፈተናውን ከነመቶኛ ውጤቱ፣ ለኢቨንቲንግ ውኃና ቦይ ሲሻገር ያሳዩ። የሃንተር፣ ማለትም የፈረሱ አዘላለልና እርጋታ የሚዳኝበት ውድድር፣ ገዢ ግን ዓይኑ አንድ ነገር ላይ ነው፦ ፈረሱ በደንገላሳ አቅጣጫ ሲለውጥ ቀዳሚ እግሩን፣ ማለትም ቀድሞ የሚዘረጋውን የጎን እግር፣ ሩጫውን ሳያቋርጥ በአየር ላይ ይቀይራል ወይ? የፊቱ ተቀይሮ የኋላው ከዘገየ ዋጋው ይወርዳል። ቪዲዮው ልክ እዚያች ቦታ ላይ ከተቆረጠ ግን የባሰ ነው፤ ገዢው ጭራሽ አይቀይርም ብሎ ይደመድማል። የዘገየውን እንዳለ ማሳየት ይሻላል።

«ለጀማሪ ይሆናል» ብሎ በልበ ሙሉነት መጻፍ አደገኛ ነው። በአሜሪካ የንግድ ሕግ እንዲህ ያለ አባባል እንደ ዋስትና ሊቆጠር ይችላል። «የ14 ዓመት ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን ትጋልበዋለች» የሚል እውነተኛ ዝርዝር ይበልጥ ያሳምናል፣ አያስከስስምም።

ዋጋ ደግሞ በግልጽ ይጻፍ። «ዝቅተኛ ባለ አምስት አሃዝ» የሚባለው የነጋዴዎች ቋንቋ አንዱን ገዢ 12 ሺህ ዶላር፣ ሌላውን 25 ሺህ ያስባል፤ ሁለቱም ጊዜዎን ይበላሉ።

ደላላ የሚያዋጣው ፈረሱ ውድ ሲሆንና እርስዎ መጋለብ የማይችሉ ሲሆን ነው። ኮሚሽኑ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ ፈረሱ እሱ ጋ ከቆመ የጋጣና የሥልጠና ወጪው በየወሩ ለብቻው ይከፈላል። ሦስት ወር ከቆየ ኮሚሽኑን ራሱ ሊበልጥ ስለሚችል የጊዜ ገደብ በውሉ ይግባ። ካሊፎርኒያ፣ ፍሎሪዳና ኬንታኪ ደላላው ከሻጭም ከገዢም በድብቅ እንዳይቀበል የሚገድብ ደንብ አላቸው። በሌላ ስቴት ከሆኑ ይህንንም በጽሑፍ ያስፈርሙት።