የግራናዳዋ ጊታር፦ ከወራት በኋላ

መጀመሪያ ተናግሬ ልገላገል፤ ጩኸት የምትፈልጉ ከሆነ ይህቺ ጊታር ለእናንተ አይደለችም። ጓደኛዬ አዲስ የፋብሪካ ጊታሩን ይዞ አጠገቤ ሲቀመጥ ድምፄን ይውጠዋል። የኔዋ ግን በ1974 ስፔን አገር፣ ግራናዳ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው በእጁ የሠራት ናት። ክሩን ታች ከሚታሰርበት ድልድይ አጠገብ ስመታው ስለታም ድምፅ ትሰጣለች። እጄን ወደ ቀዳዳው ሳስጠጋ ያው ኖታ ወፍሮ ሌላ ጊታር ይመስላል። ትዝታ ስጫወት ይህ ልዩነት በደንብ ይሰማል። በብዙ ጊታር ላይ ታፍኖ የሚቀረው ሦስተኛው ክር እንኳ እዚህ ይዘፍናል።

ሰው ስለ አሮጌ ጊታር ሲያወራ ቶሎ ወደ ጀርባው እንጨት ይሄዳል። ሮዝውዱ የብራዚል ነው የሕንድ? የኔ የሕንድ ነው፤ ያምራል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ፊቷ፣ ማለትም ከክሮቹ ሥር ያለው ጣውላ ነው። ስፔናዊው ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ደ ቶሬስ በ1862 ጀርባና ጎኗ ከካርቶን የሆነ ጊታር ሠርቶ ይህንኑ አሳይቷል። ጊታሯ ባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ውስጥ ናት።

በ1960ዎቹ ማድሪድ ላይ ጊታር ሠሪው ሆሴ ራሚሬዝ ሳልሳዊ የጊታሩን ፊት ሴዳር ከሚባል እንጨት መሥራት ጀመረ፤ የክሩን ርዝመትም ወደ 664 ሚሊሜትር አደረሰው። ግራናዳ ውስጥ ግን ብዙዎቹ ሠሪዎች ስፕሩስ በሚባለው እንጨት ቀጠሉ። የኔዋም ስፕሩስ ናት፤ ክሯ ደግሞ 650። ጣቴ አጭር ነውና ተመስገን ነው።

ይህ ፊት ከ2 ሚሊሜትር ብዙም አይወፍርም። በትንሽ መስታወት ወደ ውስጥ ሳይ፣ ከሥሩ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ 7 ቀጫጭን ዘንጎች ይታያሉ። ሁለቱ እንኳ እኩል አይደሉም። ጫፋቸው ላይ የመሮው ፈለግ አለ። ስድስቱ ክሮች ሲወጠሩ 40 ኪሎ ገደማ ይስባሉ፤ ያን ሁሉ የምትችለው ይህቺ ስስ ጣውላ ናት።

ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ስስነት ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በብርዱ ወራት ማሞቂያ ሲበራ የቤቱ አየር ከ30 በመቶ እርጥበት በታች ይወርዳል፤ እሷ የምትፈልገው ደግሞ 50 አካባቢ ነው። ፊቷ ትሰረጉዳለች፣ ክሮቹ ይወርዳሉ፣ አንገቷ ላይ የተደረደሩትን ብረቶች፣ ፍሬቶቹን፣ እየነኩ ይንዘረዘራሉ። በበጋው ወበቅ ደግሞ ተገላቢጦሽ፤ ክሩ ከፍ ይልና ግራ እጄን ያደክመኛል። አሁን ከሳጥኗ ውስጥ እርጥበት መስጫ አይጠፋም። ከኔ በፊት የተጠገነ አንድ ስንጥቅ አለባት፤ ከውስጥ በትንንሽ እንጨቶች ተይዟል፣ እስካሁን ንቅንቅ አላለም።

ቅቧ ሼላክ የሚባል ከነፍሳት ሙጫ የሚሠራ ቫርኒሽ ነው። በጣም ስስ ስለሆነ ድምፅ አያፍንም፤ ላብና አልኮል ግን አይወድም። እጃችሁን ሳኒታይዘር ቀብታችሁ እንዳትነኩብኝ! መቃኛዎቿ አርጅተው ስለነበር አስቀየርኳቸው። አሮጌዎቹን አስቀምጫለሁ፤ ነገ የሚገዛ ሰው ይጠይቃል።

እንደዚህ ዓይነት ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ድልድዩ ላይ ክሩ የሚያርፍባትን አጥንት እዩ። በስፔኖች አሠራር ጎኖቹ አንገቱ ሥር ባለው እንጨት ውስጥ ገብተው አብረው ይጣበቃሉ። ስለዚህ አንገቱን ነቅሎ ማስተካከል ከባድና ውድ ነው። ክሩ ከፍ ያለ ሆኖ አጥንቷ ደግሞ ተሞርዳ ካለቀች፣ ዝቅ የሚደረግ ነገር የለም። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ከሆነ ደህና ነው። ሻጩ የዚያን ቦታ ፎቶ አልልክም ካለ፣ እለፉት።