ከሰውየው ወይስ ከጥፋቱ?

ሐዋሳ ያሉ ጀማሪ የፊልም ጸሐፊዎች ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ ዋናው ገጸ ባሕርይ እንከን ያለበት ሲሆን የታሪኩ መነሻ ከየት ይምጣ?

ከሰውየው፦ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚሸጥ፣ ኩራቱ ብድር የማያስጠይቀው አባት። ይህ መንገድ ጊዜ ይፈጃል፤ ሴራውም (የድርጊቶቹ ትስስር) ሊላላ ይችላል። ግን አባትየው ሲሰርቅ እንኳ ተመልካች አይጠላውም። ለምን እንደሰረቀ ያውቃላ! እኔ ይሄን እወዳለሁ።

ከጥፋቱ፦ የዕቁብ ብር ይዞ የጠፋ ሰብሳቢ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ፕሮዲውሰርም ቶሎ ይገባዋል። ሰውየው ግን ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። «ምን ቢቸግረው ነው?» የሚለውን ሳትመልሱ ስክሪፕት አትጀምሩ።

ለተከታታይ ድራማ የመጀመሪያው ያዋጣል፤ ሰውየው ቀስ እያለ ይገለጣል። ጊዜ ለሚያጥረው አጭር ፊልም ሁለተኛው ይቀላል።